የፀጉር ካውያ ገበያ በቦሌ፤ ርካሹ የሚወደደው መቼ ነው?

ከቦሌ መድኃኔዓለም ተነስቶ በሃያ ሁለትና በመገናኛ አድርጎ እስከ ሲኤምሲና አያት ለሚዘልቅ ሰው አንድ ነገር ዓይኑን ሳይስበው አይቀርም። ፎቅ በተሠራ ቁጥር ምድር ቤቱን ባንክ ወይም ካፌ ይይዘዋል፤ ከፍ ሲሉ ደግሞ የሴቶች ፀጉር ቤት ይከፈታል። በገርጂና በሳሚት ኮንዶሚኒየሞች ሥርም ነገሩ ያው ነው። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ በመጠን ትንሿ፣ በዋጋ ከካስክና ከፎን ያነሰችው፣ የቤቱ ስም ግን የሚወጣባት ወይም የሚጠፋባት ዕቃ የፀጉር ካውያ ናት።

ደንበኛዋ ካውያ ትላታለች፤ በሙያው የቆዩት ፔስትራ ይሏታል። ቃሉ እንደ ፎን፣ ካስክና ቢጎዲን ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። በከሰል ላይ ግሎ ፀጉር የሚያበጥረውን የብረት ማበጠሪያ ተክታ ገበያውን የያዘችው ይህች በኤሌክትሪክ የምትሠራ ዕቃ ዛሬ በቦሌ ሱቆች በደርዘን ዓይነት ትታያለች። በአንድ መደርደሪያ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ካርቶን፣ ከሩቅ ሲያዩዋቸው መንታ የሚመስሉ ሁለት ካውያዎች ይቀመጡና የአንዷ ዋጋ የሌላዋን ብዙ እጥፍ ሆኖ ይገኛል። ሻጩ ልዩነቱን ሲጠየቅ አንዷ ኦርጅናል ናት ይላል። መልሱ ብዙ ጊዜ በዚሁ ያበቃል።

ለነጋዴውም ለፀጉር ቤት ባለቤትም ጥያቄው ከዚህ በኋላ ነው የሚጀምረው። ጥቅጥቅ ያለና ከርዳዳ ፀጉር በበዛበት ከተማ የትኛዋ ርካሽ ካውያ ገንዘቧን ትመልሳለች? የትኛዋስ ደንበኛ ታባርራለች?

ዋጋውን ያናረው ምንድነው?

የካውያ ዋጋ ከፀጉር ቤት ሳይሆን ከባንክ መስኮት ይነሳል። መንግሥት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የውበት መጠበቂያዎች የሚገኙባቸውን 38 ዓይነት ዕቃዎች ለማስመጣት ባንኮች ኤልሲ እንዳይከፍቱ አገደ። በዚያን ጊዜ የውበት ዕቃ የሚነግደው ክፍል በአብዛኛው ፊቱን ወደ ሻንጣ አዞረ። ከዱባይና ከጓንጁ የሚመላለሱ ሰዎች በሚያመጡት ዕቃ የቦሌ መደርደሪያዎች ሳይራቆቱ ቢቆዩም ዋጋው የሚተመነው በትይዩ ገበያው ምንዛሪ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲደረግ የ38ቱ ዕቃዎች እገዳም አብሮ ተነሳ። አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆነ።

በዚህ ምክንያት ቀድሞ በ20 ዶላር የተገዛች ካውያ በባንክ ምንዛሪ 1,140 ብር ትሆን የነበረው በ130 ብር ሲሰላ 2,600 ብር ትሆናለች። ትራንስፖርቱ፣ ቀረጡና የሱቅ ኪራዩ ገና አልተነካም። እውነቱን ለመናገር ግን ብዙው አስመጪ ከለውጡ በፊትም በ57 ብር ዶላር አላገኘም ነበርና የመደርደሪያው ዋጋ በዚያው ልክ በእጥፍ አልዘለለም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ሻንጣው ከኤልሲው ጋር መወዳደር ግድ ሆነበት።

የኤልሲው መንገድ የራሱ ሸክም አለው። ካውያ በጉምሩክ ታሪፍ መጽሐፍ ከፀጉር ማድረቂያ ተለይታ በ8516.32 ነው የምትመደበው። ማድረቂያው ማለትም ፎንና ካስክ 8516.31 ነው። ዲክላራሲዮን ሲሞላ ሁለቱን ያደባለቀ አስመጪ በኋላ ከፈታሹ ጋር ጊዜውን ይጨርሳል። ቀረጡን ለጊዜው ትተን ቫቱንና ሱር ታክሱን ብቻ ብናሰላ 100 ብር የሚያወጣ ዕቃ በ15 በመቶ ቫት 115 ብር ይሆናል፤ ሱር ታክሱ 10 በመቶ የሚታሰበው ደግሞ በዚህ ላይ ስለሆነ 126 ብር ከ50 ይደርሳል። ቀረጥ ሲጨመር መነሻው ራሱ ከፍ ይላልና ታክሱም አብሮ ያድጋል። በሻንጣ ወይም በቶጎ ጫሌ በኩል በኮንትሮባንድ የገባችው ካውያ ይህን ሁሉ ስላላየች ትረክሳለች። ርካሽነቷ ከጥራት ጉድለት ብቻ የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ አንዳንዷ ደህና ዕቃ ናት። ችግሩ ደረሰኝም ዋስትናም የላትም፤ ስትበላሽ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም።

ፀጉሩን ሳያውቁ ብረቱን መግዛት

በቦሌ ገበያ የሚታየው ትልቁ ስህተት ካውያን እንደ ልብስ ካውያ ቆጥሮ መግዛት ነው። የበለጠ የጋለ የበለጠ ያስተኛል ይባላል። ይህ ለአቡጀዲ ይሠራ ይሆናል።

ፀጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ የሚያያይዙ ሁለት ዓይነት ማሠሪያዎች አሉ። አንደኛው በውሃና በሙቀት የሚላቀቅ፣ ሲደርቅና ሲበርድ እንደገና የሚያያዝ ደካማ ማሠሪያ ነው። ካውያ የምትሠራው በዚህኛው ላይ ነው፤ ታላቅቀዋለች፣ ቀጥ አድርጋ ትይዘዋለች፣ ሲበርድ በቀጥታነቱ ይቀራል፤ ውሃ ወይም እርጥበት ሲያገኘው ደግሞ ወደ ተፈጥሮው ይመለሳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በጠዋት የተተኮሰ ፀጉር ከሰዓት በኋላ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው። ካውያዋ ስላልሠራች አይደለም። ሁለተኛው ማሠሪያ ጠንካራው ነው፤ እርሱን የሚፈታው ሙቀት ሳይሆን ሪላክሰር የሚባለው ኬሚካል ነው። ስለእርሱ ወደ በኋላ ይነሳል።

ሉጫ ፀጉር ያላት ሴት የትኛዋንም ካውያ ብትገዛ ብዙ አትጎዳም። ከርዳዳው ፀጉር ግን ሁለት ተቃራኒ ጠባይ አለው። ጥቅጥቅ ብሎ ብዙ ስለሆነ ከውጭ ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል፤ አንዱ ዘለላ ብቻውን ሲታይ ግን በሚጠማዘዝበት ቦታ ሁሉ ስስና በቀላሉ የሚበጠስ ነው። በዚህ ላይ ከራስ ቅል የሚወጣው ቅባት በጥምዝምዙ ላይ ወርዶ ጫፍ ድረስ ስለማይደርስ ደረቅ ነው። ስለዚህ ይህ ፀጉር ብዙ ሙቀት የሚፈልግ፣ ብዙ ሙቀት ግን የማይችል ነው። የሚያስፈልገው ኃይለኛ ካውያ ሳይሆን የያዘችውን ሙቀት የማትለቅ ካውያ ናት።

እዚህ ላይ ነው ዋጋ ትርጉም የሚያገኘው። ፕሌት በሚባሉት ሁለት የሚግሉ ገጾች መካከል ወፍራም የፀጉር ክፍል ሲገባ ሙቀታቸውን ይወስደዋል። ደህናዋ ካውያ ወዲያው ትሞላዋለች። በርካሾቹ ላይ በአብዛኛው የሚገኘው ፒቲሲ የሚባለው ማሞቂያ ሙቀቱ ሲወርድ ለመመለስ ዘግየት ይላል፤ ወደድ ባሉት ላይ የሚገኘው ኤምሲኤች የሚባለው ፈጥኖ ይመለሳል። ሠራተኛዋ ብረቱ ሲበርድባት ያንኑ ፀጉር አራት አምስት ጊዜ ትመላለስበታለች። ፀጉር የሚያቃጥለው አንዴ ያለፈ ሙቀት አይደለም፤ የደጋገመው ነው። ርካሿ ካውያ የምትጎዳው እንግዲህ ከመጠን በላይ በመጋሏ ብቻ ሳይሆን በመብረዷም ጭምር ነው።

የሙቀት ቁጥሩም ሊታወቅ ይገባል። በሙያው የተለመደው ምክር ለስስ፣ ለተቀባና ለተጎዳ ፀጉር ከ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች፣ ለመካከለኛው ከ150 እስከ 180፣ ጥቅጥቅ ላለውና ለከርዳዳው ከ180 እስከ 210 ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው 230 ለማስታወቂያ ካልሆነ በቀር ለአዘቦት አያስፈልግም። በእርጥብ ፀጉር ላይ ከተሞከረ ደግሞ በውስጡ ያለው ውሃ ፈልቶ እንፋሎቱ ፀጉሩን ከውስጥ ያፈነዳዋል። ሲንጫጫ የሚሰማው ድምፅ ይኸው ነው።

የአገራችን ጉዳይ የሆነ አንድ ነገር እዚህ ላይ መጠቀስ አለበት። ብዙ ሴት ቅዳሜ ቅቤ ተቀብታ እሑድ ልትተኮስ ትመጣለች። ለጋ ቅቤ 150 ዲግሪ ገደማ ላይ መጤስ ይጀምራል። 180 የጋለ ብረት ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ድስት የጣደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቅቤው ፀጉር ይመግባል ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ካውያ ከመንካቷ በፊት ግን ታጥቦ መውጣቱና ፀጉሩ ፈጽሞ መድረቁ የግድ ነው።

ሴራሚክ፣ ቲታኒየም፣ ቱርማሊን

ሱቅ የገባ ገዢ የሚሰማቸው ሦስቱ ስሞች እነዚህ ናቸው። ሴራሚክ ሙቀቱን በገጹ ላይ እኩል ያዳርሳል፤ ቲታኒየም ቶሎ ይግላል፣ ቀላል ነው፣ ሙቀቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ቱርማሊን ደግሞ ራሱን የቻለ ፕሌት ሳይሆን በሴራሚክ ላይ የሚጨመር የተፈጨ ማዕድን ነው። ፀጉር የሚቆመውንና የሚበተነውን ይቀንሳል ይባልለታል።

በወረቀት ላይ ለከርዳዳ ፀጉር የሚመረጠው ቲታኒየም ነው። በተግባር ግን የሠራተኛዋን እጅ ማየት ያስፈልጋል። ቲታኒየም ቶሎ ስለሚግል እጇ የፈጠነ ባለሙያ ትሠራበታለች፤ ገና በመማር ላይ ያለች ልጅ ግን አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ከቆመች ታቃጥልበታለች። ለቤት ውስጥ ለሚገዛና ሠራተኛ ለሚቀያየርበት ቤት ሴራሚኳ ትሻላለች። ይህን የሚነግር ሻጭ እምብዛም የለም፤ ውዷን መሸጥ ይሻለዋልና።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር በርካሽ ካውያ ላይ ሴራሚክ ማለት በአሉሚኒየም ላይ የተቀባ ስስ ሽፋን ማለት መሆኑ ነው። አዲስ እያለች ከወዷ ጋር እኩል ትሠራለች። ሽፋኑ መላጥ ሲጀምር የተላጠው ቦታ ፀጉር ይይዛል፤ ይጎትታል፤ ይበጥሳል። ፀጉር ቤት ውስጥ በቀን ብዙ ራስ ስለምትሠራ መላጡ ይፈጥናል፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ አንዴ ለምትጠቀም የቤት እመቤት ግን በዓመት 26 ጊዜ ብቻ ስለሆነ ያቺው ዕቃ ረጅም ጊዜ ልታገለግል ትችላለች። አንዲት ካውያ ለአንዱ ገዢ ርካሽ፣ ለሌላው ውድ የምትሆነው በዚህ ነው።

የፕሌቱ ስፋትም ከስሙ ይበልጣል። ጥቅጥቅ ላለና ረዘም ላለ ፀጉር ሰፊ ፕሌት ጊዜ ይቆጥባል፤ ፀጉሩ አጭር ከሆነ ወይም ከግንባሩና ከማጅራቱ ሥር ያለው ከርዳዳ ከሆነ ግን ሰፊው ሥሩ ድረስ አይገባም፤ ጠበብ ያለው ይሻላል። ሁለቱንም የያዘ ፀጉር ቤት አንዷን እጅግ ውድ ከመግዛት ሁለት መካከለኛ ቢገዛ አይጸጸትም።

ስፒናው የሚናገረው

የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ነው። የአሜሪካ 120 ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከላት ወይም ለእንቁጣጣሽ የመጣ እንግዳ ይዞላት የመጣው ካውያ በሁለተኛው ደቂቃ ጭስ የሚወጣው በዚህ ነው። ቮልቴጁ በእጥፍ ሲጨምር ማሞቂያው የሚስበው ኃይል በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ነው የሚያድገው። ስፒናውን የሚያቀይረው ትንሹ አዳፕተር ይህን አይከላከልም፤ ቅርጹን እንጂ ቮልቴጁን አይቀይርም። ገዢ ማየት ያለበት እጀታው ላይ የተጻፈውን ነው። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ በየትም አገር ይሠራል። 120 ብቻ የሚል ከሆነ በስጦታ ቢሰጥም ውድ ነው። ሬሚንግተንን፣ ኮኔርንና ሲኤችአይን የመሳሰሉ ስሞች ለአሜሪካ ገበያና ለሌላው ዓለም በተለያየ ቮልት የሚያወጧቸው ዕቃዎች ስላሉ በስም ብቻ መተማመን አይበቃም።

የዱባይ ዕቃ ቮልቱ ይስማማል፤ ስፒናው ግን እንደ እንግሊዝ ባለሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው። ብዙ ፀጉር ቤት በአዳፕተር ይጠቀማል። ቀኑን ሙሉ ካስክና ፎን በሚጎትት ሶኬት ላይ የላላ አዳፕተር መሰካት እሳት መጥራት ስለሆነ ስፒናውን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማስቀየር ይሻላል። ወጪውም ትንሽ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። በምሽት መብራቱ ሲዳከምና 220 የነበረው ወደ 180 ሲወርድ ማሞቂያው የሚያገኘው ኃይል ከሙሉው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይሆናል። ሠራተኛዋ ካውያዋ ሞተች ትላለች። ካውያዋ ግን ደህና ናት።

መብራት ሲጠፋስ? እዚህ ላይ ካውያ ከጓደኞቿ ሁሉ ትመቻለች። ፎን እስከ 2,000 ዋት፣ ካስክም እስከ 1,000 ዋት ሊወስድ ይችላል፤ ካውያ ግን በአብዛኛው ከ30 እስከ 60 ዋት ባለው ውስጥ ናት። 45 ዋት የሆነች ካውያ ስምንት ሰዓት ያለማቋረጥ ብትሠራ 0.36 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ትንሽ ባትሪና ኢንቨርተር ያለው ቤት ጀነሬተር ሳያስነሳ መተኮስ ይችላል፤ ፎን ግን አይሞከርም። የኢንቨርተር ወጪ የሚፈራ ባለቤት ይህን ስሌት ቢያየው አይጎዳም።

ወንበሩ ነው የሚከፍለው

አንድ ምሳሌ ይወሰድ። አንዲት ካውያ በ1,000 ብር ተገዝታ ሦስት ወር ትሠራለች እንበል፤ ሌላዋ በ4,000 ብር ተገዝታ ሁለት ዓመት። በቀን ስድስት ራስ፣ በወር 26 ቀን ቢሠራ በወር 156 ራስ ነው። የመጀመሪያዋ በሦስት ወር 468 ራስ ስለምትሠራ ለአንድ ራስ ከ2 ብር ትንሽ ከፍ ያለ ትወስዳለች። ሁለተኛዋ በሁለት ዓመት 3,744 ራስ ትሠራለችና ለአንድ ራስ 1 ብር ገደማ ነው። ልዩነቱ አንድ ብር ነው። ለአንድ ብር ብሎ ማንም 3,000 ብር አይጨምርም፤ ባለቤቶች ርካሿን የሚገዙት ሞኝ ሆነው አይደለም።

ነገር ግን ሒሳቡ የተሠራው በተሳሳተው ዕቃ ላይ ነው። በቦሌ ውዱ ነገር ካውያ ሳይሆን ወንበር ነው፤ ወንበሩ የተቀመጠበት ካሬ ሜትር። በርካሿ ካውያ እየተመላለሱ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ለመጨረስ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሙቀት በምትይዘዋ አንድ ሰዓት ይፈጃል ቢባል በዘጠኝ ሰዓት የሥራ ቀን አንድ ወንበር በመጀመሪያው ስድስት፣ በሁለተኛው ዘጠኝ ደንበኛ ያስተናግዳል። ቅዳሜና የበዓል ዋዜማ ላይ፣ ደንበኛ ተራ ጠብቃ ሰልችቷት ወደ ሚቀጥለው ፎቅ በምትሄድበት ቀን፣ ያ ሦስት ራስ የካውያዋን የዋጋ ልዩነት በአጭር ጊዜ ይመልሳል። በአዘቦት ማክሰኞ ግን ወንበሩ ባዶውን ይውላልና ጊዜ መቆጠቡ ምንም አያመጣም። ስለዚህ ደንበኛ የሚርመሰመስበት የመድኃኔዓለም ቤትና ገና ስሙን እየተከለ ያለ የሳሚት ኮንዶሚኒየም ቤት አንድ ዓይነት ካውያ መግዛት የለባቸውም።

ለቤት የሚገዛ ደግሞ ስም መግዛት አይኖርበትም። ሙቀቱ በቁጥር የሚስተካከል፣ ፕሌቱ የሚገጥም፣ ቮልቱ የሚስማማ መካከለኛ ካውያ ይበቃል። ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ያላት፣ የሙቀት መቆጣጠሪያ የሌላት ካውያ ግን በምንም ዋጋ ቢሆን ለከርዳዳ ፀጉር አትሆንም። ስንት ዲግሪ ላይ እንዳለች የማይታወቅ ብረት ነው።

ተመሳስሎ የተሠራው

ባቢሊስ የተባለው የፈረንሳይ ስም በቲታኒየም ካውያው በዓለም ላይ በብዛት ከሚመሰሉት አንዱ ነው። ሰማያዊው ቀለም፣ ካርቶኑ፣ ፊደሉ ሳይቀር ይቀዳል። ጂኤችዲና ሲኤችአይም ከዚህ አላመለጡም። በሌላ ወገን ኬሜይን የመሰሉ የቻይና ስሞች በራሳቸው ስም በግልጽ ርካሽ ሆነው ይሸጣሉ። ከተመሳሰለው ውድ ይልቅ ስሙን ያልደበቀው ርካሽ ይሻላል። ሁለቱ ከአንድ አካባቢ ፋብሪካ ቢወጡ እንኳ የመጀመሪያው ገዢ ለቀለሙ ጭምር ከፍሏል።

ልምድ ያላቸው ገዢዎች ሱቅ ውስጥ የሚያደርጓቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ካውያዋን ዘግተው ወደ ብርሃን አቅጣጫ ያነሷታል፤ በሁለቱ ፕሌቶች መካከል ብርሃን ካለፈ ፀጉሩ በዚያ በኩል ሳይተኮስ ያልፋል። ማግኔት ያስጠጋሉ፤ ከያዘ ፕሌቱ ብረት ነው፣ ቲታኒየም የሚለው ጽሑፍ ውሸት ነው። ካልያዘ ግን ቲታኒየም ነው ማለት አይደለም፤ አሉሚኒየምንም ማግኔት አይዘውም። ሻጩ እንዲሰካ ይጠይቁና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነጭ ሶፍት በፕሌቶቹ መካከል ይጎትታሉ። አንዱ ጎን ቡናማ ሆኖ ሌላው ነጭ ከቀረ ሙቀቱ እኩል አይደለም፤ መሰካት እምቢ ያለ ሻጭ ደግሞ መልሱን ሰጥቷል። በመጨረሻ ገመዱ ከእጀታው የሚወጣበትን ቦታ ያዞሩታል። ሳይንቋቋ ዙሪያውን መዞር አለበት።

የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚል ጽሑፍ በብዙ ሱቅ ግድግዳ ላይ ይታያል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲተካለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። መብቱ የሚሠራው ደረሰኝ ሲኖር ነው። ያለ ደረሰኝ ላርክስልህ የሚለውን ሻጭ ቅናሽ ገዢው ከዚህ መብቱ ጋር ማመዛዘን አለበት። ለመቶ ብር ቅናሽ የሚያዋጣ አይመስልም።

ርካሹ ኬሚካል

ካውያ ውድ ሲሆን ገበያው ወደ ቆርቆሮና ወደ ማሰሮ ዕቃ ያዘነብላል። ሪላክሰር አንዴ ከተቀባ ለሳምንታት ካውያ አያስፈልግም፤ በወር ሲሰላ ይረክሳል። ነጋዴውም ይወደዋል። አያልቅም አይባልም፣ ደንበኛዋ ትመለሳለች። በታሪፉ 3305.20 የሚገባው ይኸው ነው። ታሪኩም ከአንድ መቶ ዓመት ያልፋል። በአሜሪካ ጋሬት ሞርጋን የተባለ ጥቁር የፈጠራ ሰው የልብስ ስፌት መርፌ በግለት ሱፍ እንዳይጎዳ የሚያደርግ ፈሳሽ ሲሞክር ፀጉር እንደሚያስተኛ ማግኘቱ ይነገራል፤ በ1913 እ.ኤ.አ. ገደማ ቅባቱን መሸጥ ጀመረ። የትራፊክ መብራት ፓተንት በ1923 እ.ኤ.አ. ያወጣውም ይኸው ሰው ነው።

ሆኖም በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሥር የተሠራ ጥናት ውጤት ከወጣ ወዲህ ገበያው እንደ ቀድሞው ማሰብ የለበትም። ጥናቱ 33,497 ሴቶችን 11 ዓመት ያህል ተከታትሏል፤ 378ቱ የማሕፀን ካንሰር ይዟቸዋል። ፀጉር ማስተኛ ኬሚካል ፈጽሞ ከማይጠቀሙት መካከል እስከ 70 ዓመታቸው በዚህ ካንሰር ይያዛሉ ተብሎ የተገመተው 1.64 በመቶ ሲሆን አዘውትረው ከሚጠቀሙት ግን 4.05 በመቶ ነው። አዘውትሮ ማለት በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ማለት ነው። ጥናቱ ዝምድናውን አሳየ እንጂ ኬሚካሉ ራሱ ካንሰሩን ማምጣቱን አላረጋገጠም፤ ካንሰሩም በጠቅላላው ብዙ የማይገኝ ዓይነት ነው። ኬራቲን እየተባለ በሚሸጠው ሕክምና ውስጥ አንዳንዱ በካውያ ሲተኮስ ፎርማልዲሃይድ ያወጣል፤ ይህን ጋዝ የዓለም አቀፉ የካንሰር ጥናት ኤጀንሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ከተረጋገጡት ጋር መድቦታል። ደንበኛዋ በወራት አንዴ ትተነፍሰዋለች። ሠራተኛዋ ግን መስኮት በሌለው የሦስተኛ ፎቅ ክፍል ውስጥ በየቀኑ ትተነፍሰዋለች። የኮስሞቲክስ ቁጥጥር የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥራ ቢሆንም ስያሜው ያልተጻፈበትን ጠርሙስ ወደ ቤቱ የሚያስገባው ባለቤቱ ራሱ ነው።

በነገራችን ላይ ሪላክሰር የገባበት ፀጉር ጠንካራው ማሠሪያው ስለተፈታ ከሌላው ያነሰ ሙቀት ነው የሚችለው። ለከርዳዳ ተብሎ 210 ላይ የተቀመጠች ካውያ በቀጥታ በዚህ ላይ ካረፈች ፀጉሩ በእጅ ይቀራል።

ማዘዣው መቼ ነው?

የካውያ ገበያ የቀን መቁጠሪያ አለው። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ፣ ከዚያም ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲህ ያለው የሠርግ ወቅት ነው፤ እንቁጣጣሽና ገና ከዲያስፖራው ጋር ይጨመራሉ። በጾሙ ወራት ሠርግ ስለማይኖር ፀጉር ቤቱ ይቀዘቅዛል። በክረምት ደግሞ የተተኮሰ ፀጉር ስለማይቆይ ደንበኛዋ ወደ ሹሩባ ትሄዳለች። በባሕር የሚመጣ ዕቃ ጅቡቲ ደርሶ ሞጆ ወይም ቃሊቲ እስኪገባ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል የጥሩን ሠርግ በታኅሣሥ ያሰበ አስመጪ በአውሮፕላን ለማምጣት ይገደዳል፤ ትርፉ በኪሎ ጭነት ያልቃል። ካውያ ቀላልና ትንሽ ዕቃ መሆኗ ይህን ያቀልለታል እንጂ አያስቀረውም።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ የውጭ ባለሀብቶች በአስመጪነት፣ በጅምላና በችርቻሮ ንግድ በቅድመ ሁኔታ እንዲገቡ መፍቀዱም ሊዘነጋ አይገባም። ኮንቴይነር ሙሉ የሚያመጣ የውጭ ጅምላ ሻጭ ከመጣ ሻንጣ ይዞ የሚመላለሰው ነጋዴ በዋጋ ሊወዳደረው አይችልም። የሚቀረው በአገልግሎት ነው፤ ሰክቶ ማሳየት፣ ስፒና ቀይሮ መሸጥ፣ ሲበላሽ መጠገን። ካውያ ብዙ ጊዜ የምትሞተው ማሞቂያዋ ተቃጥሎ ሳይሆን ገመዷ ከእጀታው ሥር ተበጥሶ ነው፤ እሱን የሚቀይር ልጅ ሱቁ ደጃፍ ላይ ማስቀመጥ የቻለ ነጋዴ በዚያው መደርደሪያ አጠገብ የቆየችዋን ይዛ የመጣችውን ሴት አዲሷንም ይሸጥላታል።